ስልሳ ቀን ቁጭ ብድግ

ጆንያው ከጉልበቷ በላይ አልወጣም።

ተናኘወርቅ ጥርሷን ነከሰች፤ እጆቿን ከጆንያው ሥር አቆላለፈች፤ ወገቧን እንደተነገራት ቀጥ አድርጋ ታገለች። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። የጅቡቲ ፀሐይ የጣራውን ሲሚንቶ ጠብሳ ጨርሳ ፊቷን ወደ ሰው አዙራለች። ከግንባሯ የተነሳው ላብ ግማሹ አፍንጫዋ ጫፍ ሳይደርስ ይተናል፤ የደረሰውም ጆንያው ላይ ጠብ ብሎ ዓይን እስኪከደን አይቆይም። ጆንያው ግን ከመሬት ጋር የተማማለ ይመስል ከጉልበቷ ሥር ተንጠልጥሎ ቀረ።

"ተነሺ! ተነሺ! ተነሺ አቦ!" ከበበው ከፕላስቲክ ወንበሩ ላይ ሆኖ ጮኸ። "ከታፋሽ አምጪው እንጂ! ወገብ ለጭፈራ ነው፤ ለሥራ የተፈጠረው ታፋ ነው!"

ጆንያው አምልጧት ወደቀ። ሕንፃው እስከ ምድር ቤቱ ደነገጠ።

"አይሆንም፣ ጋሽ ከቤ" አለች ጉልበቷን ይዛ እያለከለከች። "ስልሳ ቀን ሙሉ አንድ ስንዝር አልጨመረም። ዛሬ ደግሞ ሐሙስ፣ የፈተናው ቀን ነው።"

"ሐሙስ ቢሆንስ? አሸዋ ምቀኛ ነው፤ ማንንም አያግዝም። ሰው ሲያነሱት ግን ራሱን ያግዛል። ለዚህ እኮ ነው ሐጃን እንደ ሕፃን ብድግ እያደረግሽ ጆንያ የሚያቅትሽ። ሳይንስ ነው!"

"የት ተማርከው?"

"ድሬ ባቡር ጣቢያ። ሁለት ኩንታል ቡና በግራ ትከሻዬ ተሸክሜ በቀኝ እጄ ሻይ እየጠጣሁ ነበር የምጭነው። ጣሊያኖች ፎቶ አንስተውኛል።"

ከበበው የሕንፃው ዘበኛ ነው። ዕድሜው ሃምሳ ስምንት ነው፤ በራሱ አንደበት ደግሞ የምሥራቅ ኢትዮጵያ የክብደት ማንሳት ሻምፒዮን ነው። ድሬዳዋ ውስጥ እሱ ያላነሳው ነገር ቢኖር የከዚራ ዛፎች ብቻ ናቸው፤ እነሱንም የተዋቸው ሰው ጥላ እንዳያጣ አዝኖ ነው። ስልሳ ቀን ሙሉ ማለዳ ማለዳ ወንበሩን ይዞ ጣራ ላይ እየወጣ ተናኘወርቅን አሠልጥኗታል። በነዚህ ስልሳ ቀናት አንድም ነገር በእጁ አንስቶ አላሳያትም። አሠልጣኝ ጉልበቱን አያባክንም።

ጂሙንም የሠራው እሱ ነው። ባለ ሃያ ሊትር ሁለት ጀሪካን፣ ጀሪካኖቹ ግራና ቀኝ የሚንጠለጠሉበት የመጥረጊያ እንጨት፣ ከውኃ ታንከሩ ብረት ጋር የታሰረ የከባድ መኪና ከመነዳሪ፣ ከጎረቤት ግንባታ ተለምኖ የመጣ ስልሳ ኪሎ አሸዋ የተሞላ የሩዝ ጆንያ። ሌላ ምንም የለም። በባሕሩ ዳርቻ ያሉት ትልልቅ ሆቴሎች መስተዋት የተለበጡ ጂሞቻቸውን ቢደምሩ ይህ ጣራ የጠጣውን ላብ ግማሽ አላዩም። እንጨቱን ትከሻዋ ላይ አጋድማ፣ ጀሪካኖቹን አንጠልጥላ ቁጭ ብድግ ትላለች። ከመነዳሪውን በሁለት እጇ ይዛ እንደ ጉተታ ገመድ ወደ ደረቷ ትስባለች። በመጀመሪያው ቀን አሥር ቁጭ ብድግ ሠርታ አስመለሳት። አሁን ሠላሳ ትሠራለች። ጆንያው ብቻ ነው የመጀመሪያው ቀን ከነበረበት ፈቀቅ ያላለው።

ተናኘወርቅ ለአካል ብቃት ፍቅር ኖሯት አይደለም እዚህ የደረሰችው። አርባ ሰባት ዓመቷ ነው። ከኮምቦልቻ መጥታ ጅቡቲ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ሰው ቤት ሠርታለች፤ የመጨረሻዎቹን ሦስት ዓመታት እዚህ ካርቲየ 5 በሚባለው ሰፈር፣ ሊፍት የሌለው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ የማዳም ጀዋሪያን እናት ሐጃ ዓዚዛን ስትንከባከብ ነው የቆየችው። ሐጃ ስትሮክ መትቷቸው ቀኝ ጎናቸው ሞቷል። አንዴ ሐኪም ቤት ሲመዘኑ ሰማንያ ኪሎ ነበሩ። ከአልጋ ወደ ተሽከርካሪ ወንበር፣ ከወንበር ወደ መታጠቢያ፣ ከዚያ ተመልሶ ወደ አልጋ የሚያነሷቸው ሁለት ሴቶች ነበሩ፤ ተናኘወርቅና ቦንቱ። ሃያ ሁለት ዓመቷ የነበረችው ቦንቱ አንድ ማክሰኞ "ኦቦክ ደርሼ መጣሁ" ብላ ሄደች። ከኦቦክ ወደብ የሚወጣው ጀልባ ባሕሩን አቋርጦ ወደ የመን እንደሚሄድ ሁሉም ያውቃል። ከዚያ ቀን ወዲህ ስልኳ አልጠራም።

በሦስተኛው ቀን ሐጃ ከተናኘወርቅ እጅ ወደቁ።

የጎን አጥንታቸው አልተሰበረም፤ ግን ፊታቸው ግማሹ ጠቆረ። ጀዋሪያ በዚያ ምሽት ተናኘወርቅን ሳሎን ጠርታ አቆመቻት። ያሳደገቻት የሐረር ሞግዚት ስለሆነች አማርኛዋም ቁጣዋም የሐረር ነው።

"ሁለት ሠራተኛ መቅጠር አልችልም። ሁለት ወር እሰጥሻለሁ። በሁለት ወር ብቻሽን ማንሳት ከቻልሽ ቤቱ ቤትሽ ነው። ካልቻልሽ ከድሬ አንዲት ጠንካራ ወጣት አስመጣለሁ። ክፋት አይደለም፣ ተናኜ። እናቴ ናት።"

ክፋት አልነበረም፤ ይህን ተናኘወርቅም ታውቃለች። ግን አርባ ሰባት ዓመት የሞላትን ሴት ደጋግሞ ለሥራ የሚጠራ በር በዚህ ከተማ የለም። ልጇ መነን ኮምቦልቻ ነርስነት እየተማረች ነው፤ አንድ ዓመት ቀርቷታል። ያንን አንድ ዓመት የተሸከመው ይኸው የእናቷ ወገብ ነው።

እንግዲህ ቁጭ ብድግ ተጀመረ። ተአምሩም መጣ። በመጀመሪያው ሳምንት ሐጃን ስታነሳ ጩኸቷ አርሂባ ሰፈር ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። በሦስተኛው ሳምንት ቀለል አላት። በስድስተኛው ሳምንት አንድ ትንፋሽ ብቻ በቃት። በዚህ ሳምንትማ ክንዷን በብብታቸው ሥር አስገብታ፣ ጉልበታቸውን በጉልበቷ ደግፋ፣ እሷ ራሷ እስኪገርማት ከፍ አድርጋ ወንበራቸው ላይ ታስቀምጣለች። ከበበው ይህን ሲሰማ ለሕንፃው ነዋሪ ሁሉ አወራ። ከታች ሱቅ ላለው ለሙክታርም "ሴትዮዋን እንደ ብረት የቀጠቀጥኳት እኔ ነኝ" ብሎ ሦስት ጊዜ ነግሮታል።

"በይ አንዴ ድገሚው" አለ አሁን። "ማዳም ሰባት ሰዓት ላይ ከመምጣቷ በፊት ደምሽ ይሙቅ።"

"ትንፋሽ ልሰብስብ።"

ወደ ጣራው ጠርዝ ሄዳ አጥሩን ተደገፈች። ነፋስ የለም። ወደቡ ላይ ያሉት ክሬኖች በጭጋጉ ውስጥ እንደ ግመል አንገት ቆመዋል። ከእሷ በታች ባለው ኤሌክትሪክ ሽቦ ላይ፣ በኤሲዎቹ ሣጥን ላይ፣ በመስኮቶቹ ጫፍ ላይ ቁራ ተሰልፏል። ጅቡቲ ውስጥ ከሰው ቁራ ይበዛል፤ ማንም አይገርመውም። ተናኘወርቅን የገረማት ሁሉም ወደ አንድ መስኮት መዞራቸው ነው። ሰልፋቸው የዳቦ ሰልፍ ነበር።

መስኮቱ ከሐጃ አልጋ ራስጌ ያለው ነው።

ከፍርግርጉ መሃል አንድ እጅ ወጣ። ግራ እጅ። በወተት የራሰ ለሖሕ ጠቅልሎ ይዟል፤ ከሩብ ሰዓት በፊት ተናኘወርቅ ራሷ ቆራርሳ፣ ማር ጨምራ፣ አልጋው ዳር ያስቀመጠችውን የሀገሩን ስስ ቂጣ። እጁ ለቀቀው። ቁራዎቹ መሬት ሳይደርስ ቀለቡት። እጁ ተመልሶ ገባና የተቀቀለ እንቁላል ይዞ ወጣ። ሲዘረጋ የወርቁ አምባር ከክርኑ ተነስቶ እየተንሸራተተ መጥቶ አውራ ጣቱ ላይ ቆመ።

ያን አምባር ሐኪም ቤት አውልቁ የተባሉ ጊዜ እሷና ቦንቱ በሳሙና፣ በዘይት፣ በጸሎት ሞክረው አቅቷቸው ነበር። ሥጋው ውስጥ ገብቶ ነበር።

ተናኘወርቅ ወደ ጆንያው ዞር አለች። ስልሳ ኪሎ። ስልሳ ኪሎ ማንሳት ያልቻለች ሴት ሰማንያ ኪሎ ስታነሳ ሰንብታለች። ሒሳቡን ለመሥራት የአንደኛ ክፍል ልጅ ይበቃ ነበር። እሷና የምሥራቅ ኢትዮጵያ ሻምፒዮን ግን ስልሳ ቀን ሙሉ አልሠሩትም።

"ምን ሆንሽ?" አለ ከበበው። "ፊትሽ አመድ መሰለ። ውኃ ጠጪ!"

ደረጃውን ወረደች።

ሐጃ ዓዚዛ ትራስ ተደግፈው፣ ሻሻቸውን አስተካክለው፣ ግራ እጃቸውን በአንሶላው እየጠረጉ ነበር። ሳህኑ ተልሶ የታጠበ መስሏል። ሐጃ ሲበሉ ማንም እንዲያያቸው አይፈልጉም፤ ምግቡ ከጠመመው የአፋቸው ጎን ስለሚፈስ ያፍራሉ። ስለዚህ ተናኘወርቅ ሳህኑን ታስቀምጥና ትወጣለች። የምትወጣውም ወደ ጣራው ነበር።

"ጠገቡ?" አለች በሩ ላይ ቆማ።

"አልሐምዱሊላህ።"

"ቁራዎቹስ ጠገቡ?"

ሐጃ ደህናውን ዓይናቸውን አነሱ። እንደተያዘ ልጅ ሳህኑን በግራ እጃቸው ገፉት። ከዚያ ግማሽ አፋቸው ሳቀ። ደቻቱ ሰፈር ያደጉ የድሬ ልጅ ናቸው፤ ስትሮኩ ከሶማሊኛቸውና ከፈረንሳይኛቸው ብዙ ሲወስድ የልጅነት አማርኛቸውን ትቶላቸዋል። አንድ አንድ ቃል እየጎተቱ ያወጡታል።

"አንቺ... ጣራ ላይ። እኔ... አልጋ ላይ። ሁለታችንም... ስፖርት... ሠራን።"

"ሐጃ፣ አይቀልዱብኝ። ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"አንቺ... በይኝ። ድሬ... አንቱ የሚባል... የተጠላ ሰው ነው።"

"ከመቼ ጀምሮ ነው የማይበሉት?"

"እበላለሁ። ትንሽ።" ጣታቸውን አሳዩ፤ ከጥፍራቸው እስከ መጀመሪያው አንጓ። "ከወደቅሁ... ወዲህ።"

ተናኘወርቅ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። "ለምን?"

"ታቃስቻለሽ" አሉ ሐጃ። "ስታነሺኝ... እንደምትወልድ ሴት። እሰማለሁ... እኮ። ጆሮዬ... አልሞተም። ጀዋሪያ... ያለችሽንም... ሰማሁ።" ትንፋሽ ወሰዱ። "አሥር ቀን ሆነ... አላቃሰትሽም።"

እንደ ስጦታ ነበር የነገሯት። ፊታቸው ላይ፣ በሚታዘዛቸው ግማሽ ላይ፣ ኩራት ነበር።

"ሊሞቱ ነው እኮ!"

"ቀስ ብዬ ነው።"

ተናኘወርቅ የሐጃን ቀሚስ አንገት በጣቷ ነካ አድርጋ በዓይኗ ጠየቀች። ሐጃ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እምቢ አላሉም። ሦስት ዓመት ሙሉ ተናኘወርቅ ይህን ሰውነት ራቁቱን አላየችውም። ሐጃ ከሽባነቱ ይልቅ የሚፈሩት በባዕድ ሰው ፊት መገለጥን ስለነበር ድርዕ በሚሉት ሰፊ ቀሚሳቸው ላይ ውኃ እያፈሰሰች ነው የምታጥባቸው፤ በአንሶላ ከልላ ነው የምትለውጣቸው። ቦንቱ "ምን አስለፋሽ፣ ማን ያያል?" ስትላት ትቆጣት ነበር። በዚህ ደግነቷ ትኮራም ነበር።

አሁን አየች። የአንገታቸው ሥር ውኃ የሚይዝ ጎድጓዳ ሆኗል። የጎን አጥንታቸው እንደ ተዘረጋ ጣት ይቆጠራል። የዳሌያቸው አጥንት ቆዳውን ሊበሳው ደርሶ ቀልቷል፤ እዚያ ጋ የአንድ ፍራንክ ሳንቲም የሚያህል ቦታ መላጥ ጀምሯል። አምላክ ይይላት፣ ጣቶቿ ይህን አጥንት ሳያውቁት ቀርተው አይደለም። በልብሱ ውስጥ ነክታዋለች። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት "ምነው ሾለ?" ብላ ነበር። ወዲያው ግን ክንዷን አይታ፣ ጡንቻዋ ወጣ ማለቱን አይታ፣ ነገሩን ትታዋለች። ሰው ራሱን ሲያደንቅ ዓይኑ ሌላ አይችልም።

"አዲሷ ልጅ" አሉ ሐጃ ወደ ግድግዳው እንደዞሩ "በልብሴ... ታጥበኛለች?"

ተናኘወርቅ ቀሚሱን መልሳ አስተካከለችላቸው።

ወጥ ቤት ሮጣ ሌላ ለሖሕ በወተት አራሰች፤ እንቁላል ፈርፍራ ጨመረች፤ ማንኪያ ይዛ ተመለሰች። "ይብሉ። አሁን። ፊቴ።"

ሐጃ ከንፈራቸውን ገጠሙ።

"እግዜር ያሳይዎ፣ ይብሉ!"

"ዛሬ... ሐሙስ ነው" አሉ በጥርሳቸው መሃል። "አንሺኝ። ከዚያ... እበላለሁ።"

"ከዚያ ሲበሉ ይከብዳሉ። ሲከብዱ ይወድቃሉ። እኔ ስልሳ ኪሎ አሸዋ ማንሳት አልችልም፣ ሐጃ! ምንም አልበረታሁም!"

"እንግዲያው" አሉ ሐጃ፣ ነገሩ የተፈታ ያህል በእርጋታ "አልበላም።"

ማንኪያው እስኪቀዘቅዝ ይዛው ተቀመጠች። ቁራዎቹ ውጭ ይጨቃጨቃሉ።

አራት ሰዓት ተኩል ላይ ወደ ታች ወረደች። ከበበው በሩ ጥላ ውስጥ ካርቶን አንጥፎ ከሙክታር ጋር ስለ ራሱ እያወራ ነበር። ሙክታር ደንበኛ ጠርቶት ወደ ሱቁ ሲመለስ ተናኘወርቅ ለከበበው ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገረችው። ከበበው አፉ ተከፈተ። በዚያ አፍ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ወሬ አልነበረም።

"አቦ..." አለ በመጨረሻ። "ቁራ? ወላሂ?"

"ጋሽ ከቤ፣ ስማኝ። በቀን ሁለት ጊዜ ብቻ። ጠዋት ወንበር ላይ፣ ማታ አልጋ ላይ። ሐጃን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ አዘጋጅልሃለሁ፤ ቆዳቸውን አትነካም። አንተ በእግር በኩል ትይዛለህ፣ እኔ በብብት። ማዳም ቤት በሌለች ሰዓት። ይበላሉ፣ ይወፍራሉ፣ እኛ እናነሳለን። አንተ ሁለት ኩንታል ያነሳህ ሰው ነህ!"

ከበበው መንገዱን አየ። ካርቶኑን አየ። ጫማውን አየ።

"ተናኜ..."

"እምቢ እንዳትለኝ።"

"ቡአ አለብኝ።"

"ምን?"

"ቡአ።" እጁን ወደ ብሽሽቱ አስጠግቶ መለሰው። "ስድስት ዓመት ሆነው። ሐኪሙ ካልተቀደድክ ብሎኛል፤ የት ልቀደድ? አንድ ጀሪካን ውኃ ይዤ ደረጃ ከወጣሁ ሆዴ ሱሪዬ ውስጥ ይገባል። ለምን መሰለሽ ያን ሁሉ ውኃ አንቺን ያስጎተትኩሽ?"

ተናኘወርቅ አየችው። ሻምፒዮኑ ካርቶኑ ላይ የአንድ ሽማግሌ ያህል ቦታ ብቻ ይዞ ተቀምጧል።

"ባቡር ጣቢያውስ?"

"ቲኬት ቆራጭ ነበርኩ" አለ በቀስታ። ወዲያው ደግሞ መሸነፍ አልሆነለትም፤ ቀና አለ። "ግን ስሚኝ፣ እኔ ልንገርሽ። ዝም በይ። ዛሬ አንሻት፣ ፈተናውን እለፊ። ነገ ማዳም ነቅታ ብትጠይቅሽ በሽታው ነው የጨረሳት በይ። የዚህ በሽታ ሰው ይከሳል፤ ማን ይጠረጥርሻል? አንቺ እናት ነሽ። ልጅሽን አስቢ።"

"እሳቸውም እናት ናቸው" ልትል ፈልጋ ተወችው። የሰጣት ምክር መጥፎ ስላልነበረ ነው ያስፈራት። ደረጃውን ስትወጣ እያንዳንዱን ቃል እንደ ዕቃ ይዛው ወጣች።

ሰባት ሰዓት ሊሆን ሲል የጫት መኪኖቹ ጡሩምባ ከተማውን ቀደደው፤ በሙቀት የሞተው ሕዝብ ሁሉ ለአሥር ደቂቃ ከሞት ተነሳ። በዚያ ጫጫታ መሃል ጀዋሪያ መጣች። ቦርሳዋ ትከሻዋ ላይ፣ ስልኳ ጆሮዋ ላይ ነው።

"ቆይ፣ ቆይ፣ አትዝጋው" አለች ወደ ስልኩ፣ ከዚያ ለተናኘወርቅ። "የድሬው ደላላ ነው። ልጅቷ ነገ በባቡሩ ትምጣ ወይስ ትቅር እያለኝ ነው። እንጨርሰው።" እናቷ ክፍል ገብታ ግንባራቸውን ሳመች። "ሁዮ፣ ደህና ዋልሽ?" አለች፣ እናቷን በሶማሊኛ ጠርታ።

"ደህና" አሉ እናቷ። ሰፊው ድርዕ እስከ አገጫቸው ተስቧል። ሻሻቸው አዲስ ነው። ግራ እጃቸውን ከወዲሁ ለተናኘወርቅ አንገት አዘጋጅተው ዘርግተውታል፤ ዓይናቸው ሠርግ እንደሚጠብቅ ሰው ያበራል።

"በይ አንሻት" አለች ጀዋሪያ። "ዘበኛው ጉድ ሆነች ብሎ ሕንፃውን አስጨንቆታል። ልይሽ።"

ተናኘወርቅ ወንበሩን አስጠጋች፤ ፍሬኑን ያዘች። ጎንበስ ብላ ክንዷን በሐጃ ብብት ሥር አሳለፈች። የሐጃ እጅ አንገቷ ላይ አረፈ። ትንፋሻቸው ጆሮዋ ውስጥ ገባ፤ የባዶ ሆድ ትንፋሽ፣ መራራ።

"ብድግ..." አሉ ሐጃ በሹክሹክታ። "በርቺ።"

እነሆ፣ ቀላል ነበር። አንድ ትንፋሽ ይበቃው ነበር። አንድ ትንፋሽና አንድ ዓመት፣ ከዚያ መነን ነጭ ለብሳ ትቆማለች። ተናኘወርቅ የሐጃን የጀርባ አጥንት በመዳፏ ሥር አንድ በአንድ ዳሰሰችው።

ከዚያ እጇን አወጣች። የሐጃን ክንድ ከአንገቷ ላይ ቀስ ብላ አንስታ አንሶላው ላይ አስቀመጠችው፤ ቀጥ ብላ ቆመች።

"ማዳም፣ ዛሬ እርስዎ ያንሷቸው።"

"ምን?"

"እርስዎ ያንሷቸው።"

"ቀልድ ነው ይሄ? ደላላው መስመር ላይ ነው! እኔ ሁዮን አንስቼ አላውቅም፤ እንኳን ብቻዬን ከወንድሞቼ ጋር አቅቶናል።"

"አውቃለሁ።"

"ተናኜ..." ሐጃ ራሳቸውን ትራሱ ላይ ወዲያና ወዲህ አናወጡ። "አይ... አይ... ተናኜ..."

ጀዋሪያ እናቷን አየች፤ ሠራተኛዋን አየች። የሆነ ነገር ገባት መሰለ፣ ስልኩን ዘጋችው። ቦርሳዋን መሬት ጣለች፤ ባለ ተረከዝ ጫማዋን አወለቀች። እግሯን ከፈት አድርጋ፣ ጎንበስ ብላ፣ እናቷን አቀፈች። ሰማንያ ኪሎ የሚጠብቅ ሰው ጉልበቱን እንደሚሰበስበው ሰበሰበች፤ ዓይኗን ጨፈነች፤ "ቢስሚላህ" ብላ ሳበች።

ሐጃ ዓዚዛ ከአልጋው ተነቅለው መጡ። ጀዋሪያ ራሷ በሳበችው ኃይል ወደ ኋላ ተንገዳገደች፤ ጀርባዋ ቁም ሣጥኑን መታው። እናቷን ደረቷ ላይ ይዛ እዚያው ቆመች። አላስቀመጠቻቸውም። አንድ እጇ በድርዑ ላይ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ እንደገና ወደ ላይ ሄደ። ሐጃ ፊታቸውን የልጃቸው አንገት ሥር ደብቀዋል።



"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አለች ጀዋሪያ። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻል ነበር።

በሽታው ነው የሚለው ቃል ተናኘወርቅ አፍ ውስጥ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል፤ ከንፈሯን መክፈት ብቻ ነበር የቀራት።

"ስልሳ ቀን" አለች። "በእኔ እጅ ነው የቀለሉት። እኔ የበረታሁ መስሎኝ ነበር።"